ከሕያው ጎልድፊሽ በቀር ሌላ መኖ የማይቀበል ኦስካር፦ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥልቁ ውሃ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

28 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ኦስካር የሚባል የደቡብ አሜሪካ አዳኝ ዓሣ 500 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ለብቻው ይዣለሁ። ከጣት በማይበልጥበት ዕድሜው ያመጣሁት ሲሆን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ያህል መኖው በሕይወት ያለ ትንንሽ ጎልድፊሽ ብቻ ነበር። እንዲህ ያደረግሁት አደኑን ማየት ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ አዳኝ ዓሣ በተፈጥሮው ዓሣ የሚበላ ስለሆነ የሚበጀው ይኸው ነው የሚል ጽኑ እምነት ስለነበረኝ ነው።

ከሦስት ሳምንታት ወዲህ ግን የሚያሳስብ ነገር አይቻለሁ። በመጀመሪያ የምግብ ፍላጎቱ ቀነሰ። ቀጥሎም ሲዋኝ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብል ጀመር። ከትናንት በስቲያ ማታ ደግሞ የገንዳውን መብራት ሳበራ ድንገት ተንቀጥቅጦ ከመስታወቱ ጋር ተላተመና ለጥቂት ሰከንዶች ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ቆየ። በአካሉ ላይ ቁስልም ሆነ ነጭ ነጠብጣብ አይታይም። ደረቅ መኖ ስሰጠው ወደ አፉ አስገብቶ መልሶ ይተፋዋል፤ የሽሪምፕ ሥጋ ደግሞ ዞር ብሎም አያየውም። ይህ ሕመም ከመኖው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል? ከሆነስ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሕያው ዓሣ ሲያሳድድ የኖረን ኦስካር ወደ ሌላ መኖ ማሸጋገር ይቻላል?

ባለ ማጣሪያው

ስለ መኖው ከመነጋገራችን በፊት የውሃውን ነገር ማጥራት ይገባናል፤ ሚዛን መሳትና መንቀጥቀጥ ከዓሣ ቆሻሻ በሚመጡት በአሞኒያና በናይትራይት መመረዝም ይመጣልና። ኦስካር ብዙ ፕሮቲን የሚበላና ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ ዓሣ ነው። በዚያ ላይ በሕይወት የሚገቡት ጎልድፊሾች ራሳቸው እስኪበሉ ድረስ በስንጥባቸው አሞኒያ ያስወጣሉ፤ አንዱ ከድንጋይ ሥር ሞቶ ሳይታይ ቢቀር ደግሞ ማጣሪያው ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል። እባክዎ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ለክተው፣ የውሃውን ሙቀትም ጨምረው ይንገሩን።

ጥልቁ ውሃ

አሁን ለካሁ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ናቸው፤ ናይትሬት በሊትር 30 ሚሊግራም፣ ፒኤች 7.2፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በየሳምንቱ የውሃውን አንድ ሦስተኛ እቀይራለሁ።

ሐኪመ ዓሣ

ልኬቱ እንዲህ ከሆነ ውሃውን ለጊዜው ወደ ጎን ልንተወው እንችላለን። በሩቅ ሆኖ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ይሁን እንጂ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ሚዛን መሳትና በድንገተኛ ብርሃን የሚቀሰቀስ መንቀጥቀጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎልድፊሽ ብቻ በበላ ዓሣ ላይ በአንድነት ሲታዩ፣ ሐሳቤ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ታያሚን እጥረት ነው።

ጎልድፊሽ ከካርፕ ወገን የሆነ ዓሣ ሲሆን፣ በአካሉ ውስጥ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይዟል። ይህ ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ-1 ወይም በሌላ ስሙ ታያሚን የሚባለውን ይሰባብራል። ታያሚን ከሌለ ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ስኳር ወደ ጉልበት መለወጥ ይሳነዋል፤ በዚህም ቀድመው የሚጎዱት ያለማቋረጥ ጉልበት የሚሹት አንጎልና ነርቮች ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ጎልድፊሽ ቫይታሚን የጎደለው መኖ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በአንድ ሆድ ውስጥ አብሮት በተገኘው ሌላ መኖ ያለውን ታያሚን ጭምር ያጠፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚመካበት፣ በጎልድፊሹ ላይ አልፎ አልፎ ጥሩ ደረቅ መኖ የመጨመር ዘዴ፣ የሚታሰበውን ያህል አይረዳም።

ይህ እውቀት በመጀመሪያ የመጣው ከገንዳ ዓሣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ለቆዳቸው ሲባል የሚረቡ ቀበሮዎች ጥሬ ካርፕ የተቀላቀለበት መኖ ሲሰጣቸው፣ መብል እምቢ ማለት፣ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም ሽባነትና ሞት ታየባቸው። ሕመሙም በእርባታው ባለቤት ስም የቻስቴክ ሽባነት ተባለ። ዓሣው ተቀቅሎ ሲሰጥ ችግሩ አልታየም፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋልና። ቅዝቃዜ ግን አያጠፋውም፤ እንዲያውም በማቀዝቀዣ ውስጥ በተቀመጠው ዓሣ ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ ሥራውን ይቀጥላል። ጎልድፊሹን ገድሎና አቀዝቅዞ መስጠት ከዚህ ጉዳት አያድንም ማለት ነው።

ለአሁኑ ጎልድፊሹን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። መብራቱ በድንገት እንዳይበራ አስቀድመው የክፍሉን ብርሃን ያብሩ፤ እንዳይደነግጥም ገንዳውን በከፊል ይሸፍኑ። የሚቻል ከሆነ ዓሣ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ታያሚን በመርፌ ቢሰጠው ከሁሉ ይሻላል፤ መብላት ካቆመ ዓሣ ጋር በመኖ መድኃኒት ለመስጠት መታገል ጊዜ ያባክናል። መብላት ሲጀምር ደግሞ ቫይታሚኑን በሚሰጡት ሥጋ ውስጥ ይክተቱ። በእንስሳት ማቆያ ስፍራዎች ዓሣ በል ለሆኑ አጥቢዎችና አዕዋፍ፣ ለሚመገቡት ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ዓሣ ከ25 እስከ 30 ሚሊግራም ታያሚን መጨመር የተለመደ ነው። ይህን ልኬት የጠቀስሁት መጠኑን ለማመላከት ነው፤ ለኦስካርዎ የሚገባውን ሐኪሙ ይወስን።

የአዳኝ ወዳጅ

የሐኪመ ዓሣን ማብራሪያ አልቃወምም፤ ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሕያው መኖ ሁሉ መርዝ ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዳንሄድ እሰጋለሁ። ስኔክሄድና ቢቺር የተባሉ አዳኝ ዓሦችን ለብዙ ዓመታት አሳድጌአለሁ፤ ሕያው ዓሣም ሰጥቻቸዋለሁ። ጥፋቱ ያለው በሕያውነቱ ላይ ሳይሆን በዓሣው ዓይነትና በምንጩ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ የተባሉት ትንንሽ ዓሦች፣ እንዲሁም አብዛኞቹ ሲክሊዶች (የኦስካር ወገን የሆኑ ዓሦች) በታያሚኔዝ አይታሙም። እኔ የምሰጠው ራሴ ያራባሁትን ጋፒና ኮንቪክት ሲክሊድ ነው። አንዲት ጋፒ በአራት ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ ትወልዳለች፤ የተባዕቱንም ዘር በሆዷ አከማችታ ስለምታቆይ ያለ ተባዕት ደጋግማ መውለድ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ትርፍ ገንዳ ያለው ሰው ከውጭ ዓሣ መግዛት አያስፈልገውም።

ከውጭ የሚገዛው ታዳኝ ዓሣ ግን እኔንም ያስፈራኛል። እጅግ በተጨናነቀ ገንዳ የሚቆይ፣ የሚመገበውም እምብዛም የሆነ ዓሣ ነው። ነጭ ነጠብጣብ በሽታን፣ መልሕቅ ትልን፣ የዓሣ ቅማልን፣ የአንጀት ትልን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ለአራት ሳምንታት በለይቶ ማቆያ ገንዳ ሳይቆይና በደንብ ሳይመገብ ወደ አዳኙ ገንዳ መግባት የለበትም። የተራበ ታዳኝ ባዶ ሆድ ነው፤ አዳኙ የሚያገኘው ታዳኙ አስቀድሞ የበላውን ነውና፣ ከመስጠቴ በፊት ለሁለትና ለሦስት ቀናት ጥሩ መኖ አጠግባቸዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን፣ ለማደን የተፈጠረን ፍጥረት ዕድሜውን ሙሉ ከላይ የሚወርድ የእንክብል መኖ ሲጠብቅ እንዲኖር ማድረግ ይከብደኛል። ስኔክሄዱ ሰውነቱን ቀስ አድርጎ ሲያጠፍና ድንገት ሲወነጨፍ፣ ያ አካል የተሠራው ለዚህ ሥራ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ወንዝ አጥኚ

በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ጥቂት ልጨምር እወዳለሁ፤ ተፈጥሮ የሚለው ቃል በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይመረመር እየተደጋገመ ነውና።

ኦስካር በተፈጥሮ መኖሪያው በአማዞን ተፋሰስ የሚበላው ትንንሽ ዓሦችን ብቻ አይደለም፤ ነፍሳትን፣ ሽሪምፕና ሸርጣን መሰል እንስሳትን፣ ፍራፍሬና ዘርን ጭምር ይመገባል። ብርማው አሮዋና የተባለው ዓሣ በጎርፍ በተሸፈነ ደን ውስጥ ከውሃው በላይ ዘልሎ ጥንዚዛና ሸረሪት ከቅርንጫፍ ላይ ይለቅማል። ቀይ ጅራት አምባዛ እንኳ ከዓሣና ከሸርጣን ሌላ ወደ ውሃ የወደቀ ፍሬ ይበላል። ቀይ ሆድ ፒራኛ በስሙ ከሚወራበት ይልቅ ብዙ ዓይነት ምግብ የሚቀላቅል ዓሣ ነው። እነዚህ ሁሉ ደቡብ አሜሪካውያን ናቸው፤ የምሥራቅ እስያ ዓሣ የሆነው ጎልድፊሽ ደግሞ በትውልድ ወንዛቸው ውስጥ የለም። እንግዲህ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ በተለይም ከሌላ የዓለም ክፍል የመጣ ዓሣ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ መስጠት ተፈጥሮን መከተል ሳይሆን ተፈጥሮ ፈጽሞ የማታውቀውን አመጋገብ መፍጠር ነው።

አደኑንም በተመለከተ፣ በወንዝ ውስጥ አዳኙ ደጋግሞ ይስታል፤ ታዳኙም የሚያመልጥበት ሣርና ጥልቀት አለው። አራት መስታወት ባለው ባዶ ገንዳ ውስጥ የሚፈጸመው ግን ማምለጫ የሌለው ማሳደድ ነው፤ አዳኙንም ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አያሠራውም። የአዳኝ ወዳጅ የሚወዱትን ያን መወንጨፍ በሌላ መንገድ ማስነሣት ይቻላል፤ ፌንጣ በውሃው ወለል ላይ መጣል፣ የምድር ትል በገንዳው የውሃ ፍሰት ላይ መልቀቅ፣ ቁራጭ ሥጋ በመቆንጠጫ ይዞ በተለያየ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ዓሣውን በእርግጥ ያሠራዋል።

ጸጥተኛዋ

እስካሁን ስለ አዳኙ ብቻ ተነጋገርን፤ ስለ ታዳኙም ዓሣ አንድ ነገር መባል አለበት። ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ትራውት ዓሣ በፊቱና በከንፈሩ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ተቀባዮች እንዳሉት አሳይተዋል። ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን ከጠጠርና ከመስታወት ጋር ያሹ ነበር፤ ወደ መብል ለመመለስም ካልተወጉት ይልቅ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ዓሣ እንደ ሰው ይሰቃያል ወይስ አይሰቃይም የሚለው በተመራማሪዎች ዘንድ አሁንም ያከራክራል፤ ለእኔ ግን ጉዳቱን እንደሚሰማውና እንደሚሸሸው ማወቄ ብቻ፣ ሳያስፈልግ ያን እንዳላደርስበት በቂ ምክንያት ነው። በእንግሊዝና ዌልስ የሚሠራው የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግም ዓሣን ጨምሮ አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት በጥበቃው ሥር አካቷል።

ሌላ የማይበላ ዓሣ በረሃብ ይሙት አልልም። ነገር ግን ሌላ መኖ ሊለምድ የሚችልን ዓሣ፣ ለመመልከት ሲባል ብቻ ሕያው መመገብ ትክክል ነው ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ።

የአዳኝ ወዳጅ

ለጸጥተኛዋ በአክብሮት እመልሳለሁ። በሐሳቡ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ጋፒዎቹን ራሴ ስለማሳድጋቸው የእነርሱም ነገር ይሰማኛል። ቢሆንም በአንድ ምት የሚዋጥ ዓሣ ሞት፣ ለመኖ ፋብሪካ በሺህ የሚያዘው ዓሣ መረብ ውስጥ ታፍኖ ከሚሞተው ሞት የባሰ አይመስለኝም። በዚህ ላይ ላንስማማ እንችላለን። ወንዝ አጥኚ ስለ ፌንጣና ስለ ምድር ትል የተናገሩትን ግን ተቀብዬ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሞክረዋለሁ።

የቀይ ጅራት አሳዳሪ

ጠያቂው ሁለተኛውን ጥያቄ እስካሁን መልስ ስላላገኙበት በዝርዝር ልጻፍ። እስካሁን አሮዋና፣ ፒኮክ ባስና ቀይ ጅራት አምባዛ ከሕያው መኖ ወደ ሙት መኖ አሸጋግሬአለሁ፤ ከሦስቱ ያቃተኝ የለም፣ ፒኮክ ባሱ ግን ሰባት ሳምንት ወስዶብኛል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ረሃብ ነው። ጤናማና ወፍራም የሆነ ትልቅ አዳኝ ዓሣ አንድ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ በዱርም በየቀኑ አይበላም። የታመመ፣ የከሳ ወይም ገና ሕፃን የሆነን ዓሣ ግን እንዲህ ማስራብ አይገባም። የእርስዎ ኦስካር ታማሚ ስለሆነ በረሃብ ላይ አይተማመኑ፤ በእሱ ፋንታ ደረጃውን በማለዘብ ይሥሩ። ከሕያው ዓሣ በቀጥታ ወደ እንክብል መዝለል ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። አዳኙ ዓሣ መኖን የሚለየው በእንቅስቃሴው፣ በቅርጹ፣ በጠረኑና አፉ ውስጥ በሚሰማው ልስላሴ ነው። አራቱንም በአንድ ቀን ከቀየርንበት ምግብ መሆኑን አያውቅም፤ የእርስዎ ኦስካር እንክብሉን አፉ ውስጥ አስገብቶ የሚተፋው ስለሚጠላው ሳይሆን ጠንካራ ነገር ስላልለመደ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ይቀይሩ።

እንቅስቃሴው ሳይቀር ዓይነቱ ይቀየር፤ የምድር ትል ለኦስካር ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። ትል እምቢ የሚል ኦስካር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አፈር እንዳይኖረው ታጥቦ፣ ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ስፍራ የተገኘ ይሁን። ትሉን ያለ ማመንታት ሲወስድ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይዘው ማቅረብ ይጀምሩ፤ መቆንጠጫው ራሱ የመብል ምልክት ይሁንለት። ከዚያ በዚያው መቆንጠጫ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የገንዳው ጥግ የሽሪምፕ ሥጋ ወይም አጥንቱ የወጣለት የቲላፒያ ቁራጭ እያንቀጠቀጡ ያቅርቡ። ሲቀበል በሚቀጥለው ጊዜ አያንቀጥቅጡት፤ ልቀቁትና ይስመጥ። እንክብሉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሽሪምፕ ጭማቂ አርሰው፣ ለስልሶ ሲያብጥ፣ በመጀመሪያ በሥጋው ውስጥ ሰንጥቀው ይሸጉጡት፤ ቀስ በቀስ ሥጋውን ያሳንሱ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውን ሁሉ ያውጡ።

አንድ ቀን ጨክነው ሦስተኛው ቀን ላይ አዝነው ሕያው ዓሣ ከጣሉለት፣ እምቢ ብሎ ከቆየ ጎልድፊሽ እንደሚመጣለት አስተማሩት ማለት ነው፤ ፒኮክ ባሱ ሰባት ሳምንት የወሰደብኝ ሁለት ጊዜ እንዲህ ስለተሸነፍሁ ነው።

ስለ መጠንም ልናገር፤ ሕያው ዓሣ መስጠታቸውን የሚቀጥሉም ካሉ ይጠቅማቸዋል። ቀይ ጅራቱ አንድ ጊዜ አብሮት የነበረ ትንሽ አምባዛ ዋጠ። የአምባዛ ወገን ሲደነግጥ የጎን ክንፎቹን እሾህ ገትሮ ስለሚቆልፋቸው፣ የተዋጠው ዓሣ በቀይ ጅራቱ ጉሮሮ ላይ ተሰካ። አስተኝተን እሾሁን ቆርጠን እስክናወጣ ድረስ አራት ሰዓት አለፈ፤ ዓሣዬም የተረፈው ለጥቂት ነው። እሾሃም ዓሣ ለአዳኝ መኖ አይሆንም፤ ጥፍሩ ያልተቆረጠ የወንዝ ሎብስተርም የአዳኙን ዓይን ይጎዳል።

ሐኪመ ዓሣ

የቀይ ጅራት አሳዳሪ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የበሬ ልብና የዶሮ ሥጋ ለመሸጋገሪያ የሚመክሩ አሉ፤ አዘውትሮ መስጠቱን አልመክርም። የየብስ እንስሳት ስብ በዓሣ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይፈጭም፤ ጉበት ላይም ይከማቻል። ሌላው፣ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት ገንዳው ውስጥ አያስገቡት። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባለው ተሕዋስ ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ ይተላለፋል፤ በጣትና በእጅ ላይ የሚያወጣው እብጠትም ለወራት መድኃኒት የሚያስወስድ ነው።

ጥልቁ ውሃ

የአሥራ ሁለት ቀን ዜና ይዤ ተመለስሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ የታያሚን መርፌ ሰጠው፤ ከአራት ቀን በኋላም ደገመው። ከሁለተኛው መርፌ ወዲህ መንቀጥቀጡ አልተመለሰም፤ ማዘንበሉ ግን ገና አልለቀቀውም። የምድር ትል በአምስተኛው ቀን ወሰደ። መጀመሪያ አፍንጫውን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ትሉ ሲጠማዘዝ ግን ባንድ አፍታ ዋጠው። እውነቱን ለመናገር እዚያው ገንዳው ፊት ቆሜ እንባዬ መጣ። አሁን በየሁለት ቀኑ ሦስት ትል እየበላ ነው። ሽሪምፑን ግን አሁንም ይተፋዋል። ልግፋበት ወይስ ትሉን ላብዛለት?

የቀይ ጅራት አሳዳሪ

ትሉን አያብዙ፤ ሲጠግብ ለመሞከር ምክንያት አይኖረውም። ሽሪምፑን ሁልጊዜ ከትሉ በፊት ያቅርቡ፤ ሁለት ጊዜ ከተፋው ያውጡትና አንድ ሰዓት ቆይተው ትሉን ይስጡ። ሽሪምፑን በትል ጠቅልሎ መስጠትም ይሠራል፤ ጣዕሙን ሳያስበው ይለምደዋል።

ባለ ማጣሪያው

ናይትሬቱን ከ30 ወደ 20 ዝቅ ቢያደርጉት ለማገገሙ ይረዳል፤ ሁለተኛ የውሃ ለውጥ በሳምንቱ አጋማሽ ይጨምሩ።

ጥልቁ ውሃ

ስምንተኛው ሳምንት ነው። በትል የተጠቀለለው ሽሪምፕ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ሽሪምፕ ብቻውን፣ ቀጥሎም የቲላፒያ ቁራጭ ተቀበለ። እንክብሉን በሥጋ ውስጥ ሸጉጬ ስሰጠው ለሁለት ሳምንት ያህል ሥጋውን እየዋጠ እንክብሉን ብቻ በስንጥቡ በኩል ያስወጣው ነበር፤ ባለፈው ሐሙስ ግን ከእጄ የወደቀ አንድ እንክብል ገና ወደ ታች ሳይደርስ ተከትሎ ዋጠው። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይበላል፤ አንዱን ቀን እንክብል፣ አንዱን ቀን ሽሪምፕና ዓሣ፣ አንዱን ቀን ትል ወይም ፌንጣ። ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ በፍጥነት ሲዞር ብቻ በስተግራ ጥቂት ያዘነብላል፤ ሐኪሙ ይህ ምናልባት ላይለቀው እንደሚችል ነግሮኛል።

ለመኖ ከገዛኋቸው ጎልድፊሾች ሰባቱ ተርፈዋል። ወንዝ ውስጥ እንድለቃቸው የመከረኝ ሰው ነበር፤ ጎልድፊሽ በሐይቅና በወንዝ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ፣ የውሃውን ግርጌ እያገላበጠ ሊያደፈርስና በሽታውን ለሌሎች ሊያስተላልፍ እንደሚችል ስላነበብሁ አላደረግሁትም። 300 ሊትር የሚይዝ ሌላ ገንዳ ማሞቂያ ሳላስገባበት አዘጋጅቼላቸዋለሁ። ሁለቱ መልሕቅ ትል ስለነበረባቸው ታክመው ድነዋል፤ ሌሎቹም ጤነኞች ናቸው።